ለምሳ የተተከለው ድንኳን

የእድራችን ዳኛ ሲሞቱ ልቅሶአቸው ላይ ተቀምጬ ነበር። ልቅሶ አይቀርም፤ ቂም ያለውም ይሄዳል። ስለ እሳቸው መልካሙ ሁሉ ሲነገር ሰማሁ። አንዱ ተነሥቶ የሰፈራችንን ዘማቾች ምሳ ያበሉበትን ቀን አወሳና “እንዲያ ያለ ፍቅር ካዛንቺስ አይቶ አያውቅም” ሲል፣ ከጎኔ የነበረችው ሴት በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ዝም አልኩ። ዝም ማለት ልማዴ ነው። አሁን ግን የእኛ መንደር ፈርሷል፣ ሰዉም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። ያ ቀን እንዴት እንደነበረ እኔ ካልተናገርኩ የሚናገረው የለም። ስም አልጠራም። የሚያውቋቸው ያውቋቸዋል።

ሰውዬው በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሰው ነበሩ። ወንድሜን እሳቸው ወሰዱት ብዬ አልጽፍም፤ የወሰደው መንግሥት ነው። በራችንን ያንኳኩት ግን እሳቸው ናቸው። ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ የፈተናውን ውጤት ይጠብቅ ነበር። እናቴ በሩን ይዛ “አንድ ወንድ ነው ያለኝ” ስትላቸው፣ “እናቴ፣ አገርም አንድ ናት” አሏት። አባባሏን ከየት እንዳመጧት አላውቅም፤ አነጋገራቸው ራሳቸውን ደስ እንዳሰኛቸው ግን ፊታቸው ላይ አየሁ። ወንድሜ የጫማውን ማሰሪያ አጥብቆ አሰረ፣ የእናቴን ጉልበት ሳመ፣ ወጣ። ሰሜን ዘመተ። ከረን ላይ አየሁት ያለን አንድ ተመላሽ ወታደር ነበር። ከዚያ ወዲህ አየሁት ያለ የለም።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ወታደሩ በየመንገዱ ሲፈስ፣ እናቴ ጠዋት ወጥታ ኦሎምፒያ መታጠፊያው ላይ ትቆም ነበር። ባዶ እግራቸውን፣ ሸሚዛቸው ተቀዶ፣ ቁራሽ እየለመኑ የሚያልፉ የሰው ልጆች። ለአንዱ ዳቦ ትሰጥና ፊቱን ቀና አድርጋ ታየዋለች። እሱ የምትመርቀው ይመስለዋል። ማታ ስትመለስ “ዛሬም ብዙ ናቸው” ትላለች፤ ሌላ ነገር አትልም። ብዙ ከሆኑ አንዱ ይሆናል ማለቷ ነበር።

ዓመታት አለፉ። በእኛ ወግ ሰው መሞቱ የሚታወቀው መርዶ ሲመጣ ነው። ሽማግሌዎች ጎህ ሳይቀድ ይመጣሉ፣ ያረዳሉ፣ ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ይቀመጣል። የእኛን መርዶ የሚያመጣ ማን ነው? የላከው መንግሥት ጠፍቷል፤ የመጣው ደግሞ አያውቀውም። እናቴ ጉልበቷ ሲከዳት አንድ እሑድ ደግፌአት እድሩ ስብሰባ ላይ ሄድን። ዳኛው ያኔ የእድር ዳኛ ሆነዋል። መንግሥት ሲለወጥ እሳቸው ወንበር ብቻ ነበር የሚለውጡት።

“ልጄን አልቅሼለት ልሙት። ድንኳኑን ስጡኝ” አለች እናቴ።

“እናታችን፣ ደንባችን አስከሬን ወይም መርዶ ይላል” አሉ። “መሞቱ አልተረጋገጠም። ድንኳን ተክለን ስናለቅስ በሩን ከፍቶ ቢገባስ?”

አንዳንዱ ሳቀ።

“ቢገባማ ድንኳኑን ለሰርጉ ታደርጉታላችሁ” አለች እናቴ። ሳቁ ቆመ፤ ድንኳኑ ግን አልተሰጠም። ስንወጣ ዳኛው ወደ እኔ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ “ጊዜው ጥሩ አይደለም እኮ። የማን ወታደር እንደነበረ ታውቂያለሽ” አሉኝ። የማን ወታደር እንደነበረማ እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ፣ ስሙን ያስመዘገቡት እርስዎ አይደሉም ወይ? ይህን አላልኩም። መሥሪያ ቤት ውስጥ የማዕረግ እድገት እጠብቅ ነበር፤ እድገቱም አልመጣም። እናቴ በተከታዩ ዓመት ሞተች። ለልጇ አንድም ቀን ጥቁር ሳትለብስ።

እኔ የእናቴን እድር ወረስኩ። ውሎ አድሮ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ሆንኩ። እኒያን ሰው እየጠላሽ ለምን ትለፊላቸዋለሽ የሚለኝ ነበር። ለእሳቸው አልለፋሁም። ስሞት የሚቀብረኝ ያስፈልገኛል፤ ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ።

አንድ ቀን ከሥራ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፣ ዳኛው ከወረዳው ከመጣች ወጣት ሴት ጋር በሬን አንኳኩ። ልጅቷ መልካም ልጅ ናት፤ በእሷ የምለው የለኝም።

“እትዬ፣ ፕሮግራሙ ቀላል ነው። ማለቴ… የሰፈሩን ዘማቾች ምሳ እናበላለን፣ ሰርተፍኬት እንሰጣለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ በቃ።”

“ምግቡን አንቺ ትይዢዋለሽ” አሉ ዳኛው። “ከአንቺ እጅ የሚበልጥ የት ይገኛል?”

እሳቸው ሲያመሰግኑኝ የሚፈልጉት ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ይኸውም የቤቴ ደጃፍ ነበር። አዳራሹ በሌላ ስብሰባ ተይዟል፤ ከመንደሩ መንገድ ሰፊው ደግሞ እኔ በር ላይ ያለው ነው። የእድሩን ድንኳን እዚያ ሊተክሉ አስበዋል።

“እሺ” አልኩ። “ወንድሜም ከዘማቾቹ ጋር ይቆጠርልኝ። መምጣት ካልቻለ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ።”

ልጅቷ ደንገጥ ብላ “ወንድም አለዎት እንዴ እትዬ?” አለችኝ።

“ግብዣው በሕይወት ላሉ ዘማቾች ነው” አሉ ዳኛው።

“እንግዲያው ሞቷል ማለትዎ ነው?”

“እንደሱ አላልኩም።”

“እናቴን መሞቱ አልተረጋገጠም ብለው መለሷት። ለልቅሶ ሲሆን አልሞተም፤ ለምሳ ሲሆን በሕይወት የለም። እስቲ ይንገሩኝ፣ የት ላስቀምጠው?”

ልጅቷ ስልኳን ማየት ጀመረች። ዳኛው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። “የደስታ ቀን ነው” አሉ። “ይህን ነገር አሁን ባናነሣው።”

እምቢ ማለት እችል ነበር። ዘማቾቹ ግን ምን አደረጉኝ? ከእነሱ ውስጥ የእናቴን ዳቦ የበላ ይኖር ይሆናል። ምግቡን ያዝኩ።

ዋዜማው ላይ ዳኛው አንድ ነገር አደረጉ፤ ከእሳቸው ሌላ ማንም አያደርገውም አልልም፤ ዕድሜውን በእድር የጨረሰ ሰው ሁሉ ያደርገዋል። እድርተኛው እንዳይቀር ብለው ጡሩምባ ነፊውን አስወጡት። ጡሩምባ ነፊው ራሱ “ጌታዬ፣ ይሄ ጡሩምባ ምሳ ጠርቶ አያውቅም” ብሎ ነበር። “እድርተኛው በሌላ አይሰማም፤ ንፋ” አሉት። ነፋ። በማለዳው ያ ድምፅ በቆርቆሮው አጥር መካከል ሲያልፍ፣ ሴቱ ሁሉ ነጠላውን እየጎተተ ብቅ አለ። ጡሩምባ ነፊው የእኔን ስም ጠርቶ ደጃፌ ላይ ድንኳን እንደሚተከል ይናገራል። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ሮጣ መጣችና በሕይወት አገኘችኝ።

“ማን ሞተ?”

“ማንም አልሞተም። ነገ ምሳ አለ።”

“አንቺ ሴትዮ፣ በሰው ሞት አትቀልጂ!”

የዚያን ቀን ብዙ ሳቅን። ድንኳኑ ሲተከል ደግሞ ከወጥ ቤቱ ሴቶች አንዷ ስንዴና ሽምብራ ዘፍዝፋ ኖሯል። ንፍሮ ለልቅሶ እንጂ ለግብዣ እንዴት ይቀርባል ብንላት፣ “ምን ላድርግ፣ ይሄን ድንኳን ሳይ እጄ በራሱ ይዘፈዝፋል” አለች። ዳኛው ሰምተው ተቆጡ፤ ከዓይን አርቁት አሉ። ንፍሮው ጓዳዬ ገባ። ድንኳኑ ግን ከዓይን የሚርቅ አልነበረም። ያው የስንቱ ልቅሶ ያለፈበት፣ በክረምት ጭቃ የወየበ ድንኳን ነው። ወረቀት አበባ ቢሰቅሉበትም ምን መሆኑ ይታወቃል።

በማግስቱ ዘማቾቹ መጡ። ብዙ አልነበሩም። በንጉሡ ጊዜ ባሕር ተሻግረው የተዋጉ አንድ አዛውንት ኮታቸው ላይ ኒሻን ደርድረው መጡ፤ ኮቱ ሰፍቷቸው ኒሻኑ ወደ ፊት ዘንበል ብሏል። ከኋለኛው ጦርነት የተመለሱ፣ ገና ጎልማሶች የሆኑም ነበሩ። አንድ ሰው ግን ባምቢስ ካለ ሕንፃ ከጥበቃ ሥራው ለሰዓታት ተፈቅዶለት፣ የጥበቃ ልብሱን እንደለበሰ ነበር የመጣው። ቀኝ እጁ ከክርኑ በላይ የለም። ከሌሎቹ ጋር በአንድ ትሪ ላስቀምጠው ስል ዝቅ ባለ ድምፅ “እህቴ፣ ለብቻዬ ይሁንልኝ። በግራ እጄ ነው የምበላው፣ ሰው እንዳይጸየፍ” አለኝ። በሳህን አቀረብኩለት። ሥጋውን አጥንቱን አውጥቼ ሰጠሁት።

“የት ነበሩ?” አልኩት።

“ሰሜን።”

“ከረን?”

“ከረንም፣ ከዚያም ወዲያ።”

ልጠይቀው ነበር። ዳኛው ማይክ ይዘው ንግግር ጀመሩ። ስለ መስዋዕትነት ተናገሩ፣ ስለ ዳር ድንበር ተናገሩ፤ “እናት ልጇን ብትሰጥ፣ አገርም አንድ ናት” ሲሉ ጭልፋውን ይዤ ወደ ወጥ ቤት ተመለስኩ። ሴቶቹ ፊቴን አይተው መንገድ ለቀቁልኝ።

ከአስፋልቱ ወገን ዋይታ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ የሌላ ቤት መሰለኝ። ድምፁ እየቀረበ ሲመጣ አወቅኩት፤ የእናቴ ታናሽ እህት ናት፣ ወሎ ሰፈር የምትኖረው አክስቴ። “ቤታችሁ ተዘጋ! እህቴ፣ ቤትሽ ተዘጋ!” እያለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ደረቷን እየደቃች ትመጣለች። ለካ የቀድሞ ጎረቤታችን በታክሲ ስታልፍ በሬ ላይ ድንኳኑን አይታ፣ ስልክ ደውላላታለች። እኔ ብቻዬን የምኖር ሰው ነኝ። በእኔ በር ድንኳን ከተተከለ የሞትኩት እኔ ነኝ። አክስቴ ከወሎ ሰፈር እስከ ካዛንቺስ እኔን እያለቀሰች ነው የመጣችው።

ጭልፋዬን እንደያዝኩ ወጣሁ። አየችኝ። ቆመች።

“አለሽ?”

“አለሁ፣ አክስቴ።”

መጥታ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። ግንባሬን፣ ጉንጬን ዳሰሰችኝ። ቀጥላ በትከሻዬ አሻግራ ድንኳኑን አየች፤ የተደረደሩትን ወንዶች፣ የጥበቃውን ሰው ባዶ እጅጌ፣ የአዛውንቱን ኒሻን። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

“እንግዲያው የእሱ ነው” አለች። “መርዶው መጣ?”

በድንኳኑ ውስጥ ማኘክ እንኳ ቆመ። ዳኛው ማይካቸውን ለልጅቷ ሰጥተው እየተቻኮሉ መጡ። “እማማ፣ እማማ፣ ግብዣ ነው! ለጀግኖቻችን ምሳ ነው!” አክስቴ አልሰማቻቸውም። እኔን ነው የምታየው። አይ፣ ምሳ ነው ማለት የእኔ ፈንታ ነበር፤ አንድ ቃል ነው። አክስቴን አስቀምጠን፣ ውሃ ሰጥተን፣ እንደ ጡሩምባው እንስቅበት ነበር።

ጭልፋውን ለጎረቤቴ ሰጠኋት። ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድኩና ዘቀዘቅኩት።

ዋሽተሻል ያሉኝ አሉ። አንድም ቃል አልተነፈስኩም።

አክስቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ጀመረች፤ እሷ ድሮም አልቃሽ ናት፣ ቃል አይቸግራትም።

“ጓደኞችህ መጡ ሽበት አብቅለው፣
አንተ ብቻ ቀረህ ልጅ እንደሆንህ ነው።”

አጠገቧ ተቀመጥኩ። የወጥ ቤቱ ሴቶች ሽንኩርት በነካ እጃቸው ወጡ። እናቴን የሚያውቁት መጀመሪያ አለቀሱ፤ የማያውቋት ተከተሉ። ሰው ሁሉ የራሱ ያላለቀሰው አለው። የጥበቃው ሰው ሳህኑን መሬት አስቀምጦ ተነሣ። እሱ ሲነሣ ሌሎቹም ተነሡ። አዛውንቱን ሁለት ሰው ደግፎ አነሣቸው፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ። እንዲያ ቆመው እስክንጨርስ አንዳቸውም አልተቀመጡም። ያን ቀን ከሆነው ሁሉ አሁንም ትዝ ሲለኝ አንጀቴን የሚበላው ይኸው ነው። ማንም ቁሙ አላላቸውም።

ትንሽ ጋብ ሲል የጥበቃው ሰው አጠገቤ ተንበረከከ።

“ማን ይባል ነበር?”

ነገርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ።

“አላውቀውም፣ እህቴ። አውቀዋለሁ ብልሽ ደስ ባለኝ።” ባዶ እጅጌውን በግራ እጁ ያዘ። “እዚያ ጥለናቸው የመጣናቸውን ግን አልቀበርናቸውም። አፈር ለማልበስ ጊዜ አልነበረም። ይሄን አንድ ሰው ሊነግርሽ ይገባ ነበር።”

መርዶዬ ይኸው ነው። ሌላ አልመጣልኝም።

ከጓዳዬ ንፍሮውን ማን እንዳወጣው አላየሁም፤ ሲዞር ግን አየሁት። ሰርተፍኬቶቹ ጠረጴዛው ላይ እንደተቆለሉ ቀሩ። የወረዳዋ ልጅ ፎቶ አንሺውን “በቃ፣ በቃ ተው” ስትለው ሰማሁ፤ እሷም ዓይኗ ቀልቷል። ዘማቾቹ እየተነሡ አንድ በአንድ “እግዜር ያጥናሽ” አሉኝ። ለሁሉም አሜን አልኩ።

ዳኛው የሰዉ ልብ ወዴት እንደዞረ ለማወቅ ጊዜ አይፈጅባቸውም። ድንኳኑ መካከል ቆመው ሁሉም እንዲሰማ “ድንኳኑ እስከ ሠልስት ይቆያል። እድሩ ከአንቺ ጋር ነው” አሉ።

“አይቆይም” አልኩ። “ለምሳ የተተከለ ነው። ምሳው አልቋል፣ ይነሣ።”

“እልህ ነው እንዴ?”

“እናቴ ስትለምንዎ ነበር ሰዓቱ።”

እሳቸውም “እግዜር ያጥናሽ” አሉኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት ስለ ወንድሜ ከአፋቸው ይህን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ለሌላው ሁሉ ያልኩትን አሜን ለእሳቸው አላልኩም። እስኪሞቱም አላልኩም። ልቅሶአቸው ላይ የተቀመጥኩት ለሚስታቸው ነው።

ድንኳኑ ሲነቀል አክስቴን ወደ ቤት አስገባኋት። አልጋዬ ላይ ጋደም አለች፤ ድምጿ ተዘግቷል።

“መቼ ነው አሉ ያረፈው?” አለችኝ። “የነፍስ አባትሽ ይጠሩ። አርባው እንዲቆጠር ቀኑ ያስፈልጋል።”

ያን ጊዜ ነገርኳት። መርዶ እንዳልመጣ፣ ምሳ እንደነበረ፣ ድንኳኑ የማን እንደሆነ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም።

“ከቤቴ ስወጣ አንቺን ነበር የማለቅሰው” አለች። “አንቺን አገኘሁና እሱን ሰጠሁ።”

“እናቴም አልቅሼለት ልሙት ብላ ነበር እኮ። ከለከሏት።”

“እናትሽ?” ወደ እኔ ዞረች። “ድንኳኑን የከለከሏት ለታ እኮ በማግስቱ እኔ ዘንድ መጣች። ስትስቅ ነው የመጣችው። ‘እምቢ አሉኝ፣ እግዜር ይስጣቸው’ አለችኝ። አንቺ ጎረቤት ምን ይላል እያልሽ ስትጨቀጭቂያት ነው እድሩ ዘንድ የሄደችው። ያልተለቀሰለት ሰው አልሞተም፤ እሷ ይሄን ይዛ ነው የሞተችው። አንቺን እንዳይከፋሽ አልነገረችሽም።”

ይህን ከአክስቴ በቀር ሌላ ሰው ቢለኝ አላምንም ነበር። ከእሷም ሆኖ ብዙ ዓመት አላመንኩም። እኔ እናቴን ጨቅጭቄአለሁ ወይ? ድንኳኑን የፈለገችው እሷ ነበረች፤ እንዲያ ነው የማስታውሰው። ደግሞም እናቴ ብትስቅ ባትስቅ፣ ዳኛው እምቢ ያሉት ለእናቴ ብለው አይደለም፤ ለራሳቸው ፈርተው ነው። ይህ አይለወጥም።

“አሁን ግን አለቀስን” አለች አክስቴ። “ሰው ሰማ። ዘማች ቆመለት። ከእንግዲህ ቢመጣ እንኳ የት ይገባል? ገደልነው፣ ልጄ።”

የነፍስ አባቴ አመሻሹ ላይ መጡ። ሰፈሩ ነግሯቸው ኖሯል፤ ስለ ምሳው ምንም አልጠየቁኝም። መስቀላቸውን ካሳለሙን በኋላ ለጸሎት የክርስትና ስሙንና ያረፈበትን ቀን ጠየቁ። አክስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

“ቀኑን የዛሬን ይያዙልኝ፣ አባ” አልኩ።

“ዛሬ ነው ያረፈው?”

“እኛ ዘንድ ዛሬ ነው።”

አልተከራከሩኝም። “ቀኑን እግዚአብሔር ያውቀዋል” አሉና ስሙን ጠበቁ። የክርስትና ስሙን ከእናቴና ከእኔ ሌላ የሚያውቀው አልነበረም፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ በአፌ ጠርቼው አላውቅም። በሹክሹክታ ነገርኳቸው። እሳቸው ጆሮአቸውን ወደ እኔ ዘንበል አደረጉ፤ እኔም ደግሜ ነገርኳቸው።